ባለ አራት ዙር ጥምዝ ሐዲድ ለሞዴል ባቡር፦ ከልኬት እስከ መጨረሻው ሙከራ

ሁለት ፎቅ ያለው የሞዴል ባቡር መንገድ ልትሠሩ ካሰባችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ ባቡሩ ከታች ወደ ላይ በምን ይወጣል የሚለው ነው። ግድግዳውን ተከትሎ ረጅም ዳገት መሥራት ይቻላል። ግን 38 ሳንቲሜትር ለመውጣት ከ16 ሜትር በላይ ዳገት ያስፈልጋችኋል፣ ለዚያ የሚሆን ክፍል ደግሞ ብዙዎቻችን የለንም። ስለዚህ ሐዲዱን እዚያው ቦታ ላይ እያዞርን ወደ ላይ እናወጣዋለን። ሄሊክስ የሚሉት ይህን ነው፤ እኔ ከዚህ በኋላ ጥምዝ እለዋለሁ።

ከደባርቅ ቁልቁል የሚወርደውን የሊማሊሞን መንገድ የሄደበት ሰው ሐሳቡ ወዲያው ይገባዋል። ገደሉ በቀጥታ አይወረድም፤ መንገዱ ይረዝማል፣ ዳገቱም ይላላል። ልዩነቱ መኪና በጠባብ እጥፋት መመለስ ይችላል፣ ባቡር አይችልም። ክቡን ሙሉ ዞሮ ራሱ ባለፈበት ሐዲድ አናት ላይ ይመጣል። ይህ በእውነተኛ ባቡርም የተሠራ ነገር ነው። ስዊዘርላንድ ብሩዚዮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው መስመር በድንጋይ ድልድይ ላይ ዞሮ በራሱ ስር ያልፋል። የዚያ ክብ ሬዲየስ 70 ሜትር ነው። የእኛ ሞዴል ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ በ87 ብታካፍሉት 80 ሳንቲሜትር ገደማ ይመጣል፣ ማለትም ቤታችን ከምንሠራው ብዙም አይርቅም።

ባቡር ጎንደር ደርሶ አያውቅም። ከጅቡቲ የተነሳው የድሮው መስመር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገብቶ እዚያው ቆመ። ለዚህም ይመስለኛል እዚህ ከተማ ውስጥ ለአንድ ልጅ ፉርጎ እየጎተተ ዳገት የሚወጣ ባቡር ማሳየት ትልቅ ነገር የሚሆነው። እኔም ይህን ሁሉ ዝርዝር የምጽፈው ጥምዝ የሚሠሩ ሰዎች እዚህም እንዲበዙ ስለምፈልግ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ጥምዝን የሚያበላሸው ከፍታ ነው። አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተች 3 ሚሊ ባቡሩን ታቆመዋለች፣ ከላይዋ ሌላ ዙር ከተጫነ በኋላ ደግሞ እጅ አይደርስባትም። እያንዳንዱን ዙር ለክታችሁና ሞክራችሁ ሳትጨርሱ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ቁጥሮቹ

የምናወራው ስለ ኤች ኦ መጠን ነው፣ 1 ለ87። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊ ስፋት ስላለው በ87 ሲካፈል እዚሁ ላይ ይመጣል።

ሬዲየሱን 65 ሳንቲሜትር አድርጉት፣ ከክቡ መሃል እስከ ሐዲዱ መሃል ማለቴ ነው። አንድ ዙር 408 ሳንቲሜትር ይሆናል። አሁን በአንድ ዙር ስንት ከፍ እንበል? ከሐዲዱ አናት እስከ ላይኛው ዙር ሆድ ድረስ 75 ሚሊ ክፍት ቦታ ተዉ፤ ረጅም ፉርጎም ያልፍበታል፣ የወደቀ ነገር ለማንሳትም እጅ ይገባል። በዚያ ላይ ለመደገፊያው ብረት 3 ሚሊ፣ ለፕላይውዱ 12 (ባለ 6 ሚሊው በሁለት ንብርብር)፣ ለሐዲዱ ራሱ 5 ጨምሩ። ድምሩ 95 ሚሊ። 95ን ለ4,084 ስታካፍሉ ዳገቱ 2.3 በመቶ ይሆናል።

ይህ ግን በቀጥታ መንገድ ላይ ቢሆን ነው። ኩርባ ላይ ጎማው ከሐዲዱ ጎን ጋር ስለሚፋተግ ባቡሩ ዳገቱን ከባድ ሆኖ ያገኘዋል። በሙያው የሚሠራበት ግምት አለ፦ 81ን ለሬዲየሱ በሳንቲሜትር አካፍሉ፣ የሚመጣው ቁጥር በዳገቱ ላይ የሚጨመር በመቶኛ ነው። ለ65 ሳንቲሜትር 1.25 ይሆናል። ስለዚህ ሎኮሞቲቩ የሚሰማው ዳገት 3.6 በመቶ ገደማ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ ሬዲየሱን ወደ 55 ብታወርዱት ዳገቱ ወደ 2.75፣ ከኩርባው ጋር ከ4 በመቶ በላይ ይወጣል። እኔ አልመክርም። ቦታ በጣም ከጠበበ ወደ ኤን መጠን መሄድ ይሻላል፣ 1 ለ160 ስለሆነ በ40 ሳንቲሜትር ሬዲየስ ጥሩ ጥምዝ ይወጣዋል።

እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ፈትሹ። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ሐዲድ ዘርግታችሁ አንዱን ጫፍ 3.6 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉ። ሎኮሞቲቩ ስንት ፉርጎ ይዞ ይወጣል? ጥምዙ ላይም ከዚያ ብዙ አትጠብቁ። ፉርጎዎቹን ስትቆጥሩ ክብደታቸውንም እዩ። የተለመደው ልክ 28 ግራም መነሻ ሆኖ ለእያንዳንዱ ሳንቲሜትር ርዝመት 5.6 ግራም ገደማ መጨመር ነው፤ 15 ሳንቲሜትር ፉርጎ 112 ግራም ይሆናል ማለት ነው። በጣም የቀለለ ፉርጎ ረጅም ባቡር መሃል ከገባ ወደ ክቡ ውስጥ ተስቦ ይገለበጣል።

ዕቃ

ከሐዲዱና ከባቡሩ በቀር ሌላው ሁሉ እዚሁ የሚገኝ ነገር ነው። ፕላይውድ ባለ 6 ሚሊ ሁለት ሉህ። ሙሉ ጥርስ ያለው ባለ 8 ሚሊ የብረት ዘንግ፣ አንድ ሜትሩ ስምንት ፍሬ፤ ለሁለት ተቆርጦ 16 ምሰሶ ይወጣዋል። ዳዶ 170 ገደማ፣ ሮንዴላም ያንኑ ያህል፣ በጅምላ ግዙት። ጠፍጣፋ ብረት ስፋቱ 25፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ፣ ስድስት ሜትሩ ሁለት ፍሬ። ነጭ የእንጨት ኮላ። 13 ቁጥር ቁልፍ ሁለት። ትራፓኖ፣ ሴጌቶ፣ ትንሽ ውሃ ልክ።

ለጠረጴዛው እግር የባሕር ዛፍ አጠና ርካሽ ነው፣ ነገር ግን እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል። እግሩ ሲጣመም ጥምዙም አብሮ ይዘማል። በደንብ የደረቀ ዋንዛ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ፕላይውዱንም ገዝታችሁ በዚያው ቀን አትቁረጡት። ሁለት ሳምንት የሚሠራበት ክፍል ውስጥ አጋድማችሁ አስቀምጡት፣ በተለይ ክረምት ላይ የተገዛ ከሆነ።

ሐዲዱ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜም በዘመድ ሻንጣ። እንደልብ የሚታጠፈው ሐዲድ 91.4 ሳንቲሜትር ርዝመት ስላለው ተራ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የሚያመጣላችሁ ሰው በጠንካራ የካርቶን ቱቦ ለብቻ እንዲያስጭነው ከአሁኑ ንገሩት። ለሻንጣ ይመቻል ብሎ ለሁለት እንዳይቆርጠው፤ ኩርባ ላይ መገጣጠሚያ በበዛ ቁጥር ችግር ይበዛል። ለአራት ዙር 18 ፍሬ ይበቃል፣ 20 ቢሆን ደስ ይላል።

አቆራረጥ

ክብ መቁረጥ አያስፈልግም። እያንዳንዱን ዙር ከስምንት ትራፔዞይድ እንሠራዋለን። ፕላይውዱን በርዝመቱ 12.6 ሳንቲሜትር ስፋት ባላቸው ዘጠኝ ሪጋዎች አስቆርጡት። ቀጥሎ እያንዳንዱን ሪጋ በ22.5 ዲግሪ አዘንብላችሁ ቁረጡ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ። የትራፔዞይዱ ረጅም ጎን 57.2፣ አጭሩ 46.7 ሳንቲሜትር ይሆናል። የአንዱ መቁረጫ መስመር ለሚቀጥለውም ስለሚያገለግል ብክነት የለውም ማለት ይቻላል። ከአንድ ሪጋ አራት፣ ከአንድ ሉህ 36 ይወጣል። ለአራት ዙር በሁለት ንብርብር 64 ያስፈልጋል።

ዘንበል ያለውን ቁርጥ አናጺ ቤት ባለው ጠረጴዛ መጋዝ ማስቆረጥ ይሻላል። ግማሽ ዲግሪ ስህተት በስምንት ቁራጭ ሁለቱም ጫፍ ስትደመር 8 ዲግሪ ትሆናለች፣ ክቡም አይዘጋም። ስለዚህ ሁሉም ከመቆረጡ በፊት ስምንቱን ብቻ አስቆርጣችሁ መሬት ላይ ገጣጥሟቸው። ከዘጉ ሌላው ይቀጥል።

ከዚያ አንድ ትራፔዞይድ የሚያህል ካርቶን ላይ የ65 ሳንቲሜትሩን ኩርባ አውጡ። መሬት ላይ ሚስማር ተክላችሁ በማይለጠጥ ሽቦ ብትስሉት ይበቃል። በካርቶኑ ተመርታችሁ ላይኛው ንብርብር በሚሆኑት 32 ቁራጮች ላይ መስመሩን ገልብጡ። እነዚህን ግማሽ ቁራጭ ፈቀቅ አድርገን ስለምንለጥፋቸው የካርቶኑ መሃልና የቁራጩ መሃል መግጠሙን እያያችሁ።

ምሰሶና ከፍታ

ጠረጴዛው 1.6 ሜትር በ1.6 ይሁን፣ መሃሉ ደግሞ በአንድ ሜትር ክብ ክፍት። ከስር ገብታችሁ መሃል ላይ የምትቆሙበት ቦታ ነው፣ ጥምዝ ያለዚህ አይጠገንም። ከመሃል ነጥቡ 55 እና 77 ሳንቲሜትር ላይ ሁለት ክብ አስምሩ። በየ45 ዲግሪው ስምንት ጨረር ስትስሉ የሚያቋርጡባቸው 16 ነጥቦች የምሰሶዎቹ ቦታ ናቸው። በ9 ሚሊ ብሱት።

ጠፍጣፋውን ብረት በ26 ሳንቲሜትር 33 ቦታ ቁረጡት፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በውስጠኛውና በውጭው ምሰሶ መካከል ተጋድሞ ፕላይውዱን የሚሸከመው ነው። በየቁራጩ ላይ በ22 ሳንቲሜትር ርቀት ሁለት የ9 ሚሊ ቀዳዳ፣ መካከል ላይ ደግሞ ለብሎን የሚሆኑ ሁለት ትናንሽ። ብረት ቤት ውስጥ በቆመ ትራፓኖ ቢበሳ አንድ ዓይነት ይሆናል። ዘንጉን ስትቆርጡ መጀመሪያ ዳዶ አስገቡበት፣ ከዚያ ቁረጡ፤ ዳዶውን ስታወጡት የተበላሸውን ጥርስ እየጠረገ ይወጣል።

አሁን ቁም ነገሩ ጋ ደረስን። የአንድ ዙር ከፍታ 95 ሚሊ፣ ድጋፉ ስምንት ቦታ። ስለዚህ ከአንዱ ብረት ወደሚቀጥለው 11.9 ሚሊ ከፍ እንላለን። የ8 ሚሊ ዘንግ አንድ ጥርስ ደግሞ 1.25 ሚሊ ነው፣ ዳዶውን አንድ ሙሉ ዙር ስታዞሩት በዚያ ልክ ይወጣል። ሲካፈል 9 ዙር ተኩል ይመጣል። ሜትር ይዛችሁ ሚሊ ከመፈለግ የዳዶ ዙር መቁጠር በጣም የተሻለ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 16ቱንም ምሰሶ ከጠረጴዛው በላይና በታች በዳዶ እሰሩ። ከዚያ ለመጀመሪያው ዙር ከየብረቱ በታች የሚሆኑትን ዳዶዎች ሁሉንም በአንድ እኩል ከፍታ አስቀምጡ፣ ያንን ለማረጋገጥ አንድ የእንጨት ቁራጭ መለኪያ አድርጉ። አንደኛው ጨረር ላይ ያሉትን ሁለት ዳዶዎች ባሉበት ተዉ። ሁለተኛው ጨረር ላይ 9 ዙር ተኩል አውጡ፣ ሦስተኛው ላይ 19፣ አራተኛው ላይ 28 ተኩል፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ዳዶው ላይ በቀለም እስክሪብቶ አንድ ነጥብ ብታደርጉ ቆጠራው አይጠፋባችሁም። ከዚያ ሮንዴላ፣ ብረቱ፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ። የላይኛውን ዳዶ ገና አታጥብቁት።

ብረቱ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡ። ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ማዘንበል የለበትም። ካዘነበለ የአንዱን ጎን ዳዶ ሩብ ዙር ነካ አድርጉ፣ ሩብ ዙር 0.3 ሚሊ ነው። ስምንቱም ሲስተካከሉ አጥብቁ፣ ካጠበቃችሁ በኋላም እንደገና ለኩ፣ ሲጠብቅ ትንሽ ይንቀሳቀሳልና።

የታችኛውን የፕላይውድ ንብርብር መጋጠሚያው ብረቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ከስር በብሎን እሰሩት። ብሎኑ 10 ሚሊ ይሁን፣ ከዚያ ከረዘመ ላይኛውን ንብርብር ወግቶ ይወጣል። ከዚያ ኮላ ቀብታችሁ ላይኛውን ንብርብር ግማሽ ቁራጭ ፈቀቅ አድርጋችሁ ለጥፉ፣ የላዩ መጋጠሚያ የታችኛው ቁራጭ መሃል ላይ እንዲወድቅ። በሞርሳ ያዙት፣ ሞርሳ ካነሰ ክብደት ጫኑበት፣ ሌሊቱን ይደር። በማግስቱ ስትነኩት አንድ ወጥ ጣውላ ይሆናል።

መግቢያውና መውጫው

ጠፍጣፋ መንገድ በድንገት ወደ 2.3 በመቶ ዳገት ከተሰበረ ረጅም ሎኮሞቲቭ መሃሉ ይንጠለጠላል፣ የፉርጎ ማያያዣም ይላቀቃል። ስለዚህ ዳገቱ ቀስ ብሎ መጀመር አለበት። ብዙ ሰው ይህንን ማለስለሻ በጥምዙ የመጀመሪያ ሩብ ዙር ላይ ያደርገዋል። እዚያ አይሆንም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ዙር ከ95 ሚሊ ያነሰ ከወጣ ሁለተኛው ዙር ከላዩ ሲመጣ ክፍተቱ ያንኑ ያህል ይጎድላል፣ ረጅሙ ፉርጎም አናቱን ይመታል።

ማለስለሻው ከጥምዙ ውጭ፣ በመግቢያው ሐዲድ ላይ ይሁን። 51 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ስጡት፣ በዚያ ውስጥ የሚወጣው 6 ሚሊ ብቻ ነው። ፕላይውዱን ጠፍጣፋው ጫፍ ላይ አጥብቃችሁ ካሰራችሁትና ሌላውን ጫፍ የጥምዙ የመጀመሪያ ብረት ላይ ካሳረፋችሁት ራሱ ለስለስ ብሎ ይታጠፋል። ላይ ስትወጡም መውጫው ላይ እንዲሁ። ከቀጥታ ወደ ኩርባ ሲገባም የመጀመሪያውን 30 ሳንቲሜትር ሰፋ ባለ ኩርባ አስገቡት፣ ባቡሩ ሲገባ አይወዛወዝም።

ሐዲዱ

ሁለት ሁለት ሐዲድ ገና ቀጥ ብለው ሳሉ በመገጣጠሚያው ላይ በሶልደር አያይዟቸው፣ ከዚያ እጠፏቸው። ኩርባ ላይ ከታጠፉ በኋላ ከተገናኙ መገጣጠሚያው ላይ ክርን ያወጣሉ፣ ያ ክርን ደግሞ ባቡር መጣያ ነው። ስታጥፉት የውስጠኛው ሐዲድ ጫፉ ይተርፋል፤ በሴጌቶ ቁረጡት፣ በሞረድ አለስልሱት።

በተያያዙት ጥንዶች መካከል ግን ክፍተት ተዉ። እዚህ በበጋ የቀንና የሌሊቱ ሙቀት ብዙ ይራራቃል። 16 ሜትር ሐዲድ በ15 ዲግሪ ልዩነት 4 ሚሊ ያህል ይረዝማል፣ ስለዚህ በየክፍተቱ ግማሽ ሚሊ ይበቃል፤ ግማሽ ሚሊ ውፍረት ያለው ካርድ እያስገባችሁ ብትለኩ ይሆናል።

በሳላችሁት መስመር ላይ በስሱ ኮላ ለጥፉት። ሲሊኮን የምትጠቀሙ ከሆነ ኮምጣጤ የሚሸተውን አይነት ተዉት፣ መዳብና ሐዲድ ይበላል። ኮላው ሳይደርቅ በዓይናችሁ ሐዲዱን ተከትላችሁ ተመልከቱ፤ ጉብጥ ያለ ቦታ ካለ ከዚህ የተሻለ ማረሚያ ጊዜ የለም። በውጭው ጠርዝ ዙሪያ 4 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ እንደ አጥር ለጥፉ። ሎኮሞቲቭ ከአራተኛው ዙር ወደ ሲሚንቶ ወለል ከወደቀ መተኪያው ከውጭ ነው የሚመጣው።

መብራት

ከምሰሶዎቹ በአንዱ ላይ ባለ 1.5 ሽቦ ሁለት መስመር ከታች እስከ ላይ አውጡ፣ ቀይና ጥቁር። ከእሱ ላይ ለእያንዳንዱ የተያያዘ ጥንድ ሐዲድ ቀጭን ሽቦ ስጡ። የሐዲድ መገጣጠሚያውን አምናችሁ ከአንድ ቦታ ብቻ ብትመግቡት ላይኛው ዙር ላይ ባቡሩ ይደክማል። ጥምዝ ውስጥ የውጩ ሐዲድ እስከ መጨረሻው የውጭ ስለሆነ ቀዩን ሁልጊዜ ለእሱ ስጡት፣ ስህተት አይፈጠርም።

መብራት ድንገት ቢሄድ ባቡሩ ዳገቱ ላይ ይቆማል። አብዛኞቹ ሎኮሞቲቮች ባላቸው የትል ጥርስ ምክንያት፣ ማለትም ሞተሩ ጎማውን ቢያዞርም ጎማው ሞተሩን ማዞር ስለማይችል፣ ወደ ኋላ አይንሸራተቱም። ግን መቆጣጠሪያውን ወዲያው ወደ ዜሮ መልሱ። መብራቱ ሲመጣ ባቡሩ በአንዴ ከተፈናጠረ ፉርጎው ይላቀቃል፣ የተላቀቀ ፉርጎ ደግሞ አራት ዙር ሙሉ ቁልቁል ይወርዳል። ስታብላይዘር ካላችሁ በዚያ በኩል አገናኙት።

ሙከራ

አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር፣ ሁለተኛው ሳይጀመር፦ መጀመሪያ አንድ ፉርጎ በጣት ገፍታችሁ ሙሉውን አዙሩ፣ የሚንቀጠቀጥበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ቀጥሎ ካላችሁ ሁሉ ረጅሙን ባቡር ወደ ላይ አውጡ፣ ወደ ታች አውርዱ፣ ከዚያ በኋልዮሽ ወደ ላይ ግፉት። በኋልዮሽ ሳይወድቅ የወጣ ባቡር ብዙውን ጊዜ በፊት ለፊትም አይወድቅም። ሦስቱን ካለፈ ቀጣዩን ዙር ጀምሩ።

አራቱም ሲያልቁ፣ በእውነተኛው መጠን 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሚሆን ፍጥነት ባቡሩ ለመውጣት አንድ ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ጥምዙን በተራራ ከሸፈናችሁት ያን ያህል ጊዜ ባቡሩ አይታይም፤ ስለዚህ አንድ ጎኑን እንደ ገደል ክፍት አድርጋችሁ ብትተዉት፣ በእያንዳንዱ ዙር ብቅ እያለ ሲያልፍ ማየት ደስ ይላል። ልጆች የሚቆሙት እዚያ ጋ ነው።

በበጋ አቧራው ብዙ ስለሆነ ሐዲዱን በየሳምንቱ አልኮል ባስነካችሁት ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፣ መሃል ላይ ቆማችሁ ሁሉም ዙር ይደረሳል። መስከረም ላይ ደግሞ ክረምቱ እንደወጣ ውሃ ልኩን ይዛችሁ 33ቱንም ብረት አንድ በአንድ እዩ። እንጨት እርጥበት ጠጥቶ የተነሳ ቦታ ካለ የላይኛውን ዳዶ ፈታ፣ የታችኛውን ግማሽ ዙር ዝቅ፣ መልሶ ማጥበቅ። ግማሽ ዙር 0.6 ሚሊ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ አይፈልግም።